ዓይን የሚያልፈው ስብራት

ለስላሳ የመሰለ ሁሉ ለስላሳ አይደለም። ፒየር ቤዚዬ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለሬኖ መኪናዎች ኩርባን በሒሳብ ቀመር ከሣለ ወዲህ፣ በኮምፒውተር የሚነድፉ ሰዎች ዓይናቸውን ብቻ አያምኑም።

ቀጥታ መስመርና የክብ ቅስት ያለ ማዕዘን ሲገጣጠሙ እንከን አይታይም። የመታጠፉ መጠን ግን ከዜሮ በአንዴ ይዘላል። ባቡር በዚያ ሐዲድ ቢሮጥ ተሳፋሪው ይናጣል፤ በሚያብረቀርቅ የመኪና በር ላይ ደግሞ ነጸብራቁ መገጣጠሚያው ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ነዳፊው በኩርባው ላይ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የቆሙ መስመሮችን ያወጣል። የጥርሶቹ ርዝመት ድንገት ከዘለለ ሥራው እንደገና ይሠራል።

እኔ ጋዜጠኛው የምቀናው በዚህች ማበጠሪያ ነው። እኛ መግለጫ ሲነበብ አማርኛው ካማረ እናልፈዋለን። የትናንቱ ቃልና የዛሬው የሚጋጠሙበትን ቦታ ካልለካን ግን፣ መንገጫገጩ የሚደርሰው ተሳፋሪው ላይ ነው።