ውርንጭላዋና ልጄ

ምኒልክ ወደ እንጦጦ ከመዛወራቸው በፊት የሸዋ መናገሻ ወደነበረችው አንኮበር ባለፈው ክረምት የሄድኩት ልጄን ለማምጣት ነበር። ሥራዬ ፋታ ስለነሳኝ ሁለት ዓመት ከእናቴ ዘንድ ቆይታለች። ስገባ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች፤ ከረሜላውንም አልተቀበለችኝም። እናቶች ሆይ፣ ሕመሙን ታውቁታላችሁ።

በማግስቱ እናቴ ወደ ባዝራዋ ወሰደችኝ። የሦስት ሳምንቷ ውርንጭላ ሰው ባየች ቁጥር ትበረግጋለች። እጄን ዘርግቼ ብጠጋት ከባዝራዋ ማዶ ተሸጎጠች።

«ምን አስቸኮለሽ? መጀመሪያ እናቲቱን እከኪያት» አለችኝ እናቴ።

እንዳለችኝ አደረግሁ። የፈረስ ዓይኖች በጎንና በጎን ስለሆኑ ከግንባሩ ሥርና ከጭራው ኋላ ያለውን አያይም። ከፊት ለፊት የሚመጣ እጅ የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው። ገና በተወለደ በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ በእግሩ የሚቆመውም ለመሸሽ ነው።

ስለዚህ ከጎኗ ቁጢጥ ብዬ፣ ሳላፈጥባት ጠበቅሁ። እሷ ስትሸሽ እኔም ወደ ኋላ እላለሁ። (የቢሮ ወንበር የለመደ ጉልበቴ ቶሎ ደነዘዘ።) በሦስተኛው ቀን አፍንጫዋ ትከሻዬን ነካ። ፊቷን ሳልነካ ትከሻዋን ጥቂት አከክሁላትና ሳትጠግብ እጄን ሰበሰብኩ። ሄደች፤ ተመልሳም መጣች።

ልጄ በአጥሩ ቀዳዳ ታየን ነበር። አይቻታለሁ፤ አልጠራኋትም። ወደ ባዝራዋ ዞሬ ጀርባዋን ማከኬን ቀጠልኩ። ቆይታ ቆይታ መጣችና አጠገቤ፣ ግን ክንድ ያህል ርቃ ቁጢጥ አለች።

«እኔንስ ትነክሰኛለች?»

የዓመት ፈቃዴ ሊያልቅ የቀረው ሁለት ቀን ነበር።