የሱሉልታዋ እናትና ሁዳዴ

ሱሉልታ የወተት አገር ናት፤ ከላሞቿ የሚታለበው እስከ አዲስ አበባ ይደርሳል። በዚያች ከተማ ወተት ሸጣ የምታድር አንዲት እናት ነበረች፤ የምታጠባው ሕፃን ዐይነ ምድሩ ደም እየቀላቀለ አስጨነቃት። ሐኪሙ መርምሮ ተላላፊ በሽታ አላገኘበትም። 55 ቀን የሚጾመው ሁዳዴ ገባና ወተትና ቅቤ ብትተው፣ በ2 ሳምንት ውስጥ ደሙ ቆመ፤ በፋሲካ ብትገድፍ ከጥቂት ቀን በኋላ ተመለሰ። ነገሩ የላም ወተት አለርጂ ኖሯል፤ እናት የጠጣችው በጡቷ በኩል ወደ ልጁ ያልፋልና። ቆይቶ የሚነሣው የሆድ አለርጂ በቆዳና በደም ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም፤ የሚለየው ምግቡን ትቶ በማየት፣ በሐኪምም ምክር መልሶ በመሞከር ነው። ይህን ፈተና ጾሙ ሳይታሰብ ፈጸመው። ጎረቤቶቿ ግን «ጡት አስጥለሽ የፍየል ወተት ስጪው» አሏት፤ ሁለቱም ስሕተት ነው፤ የፍየል ወተት ከላም ወተት ብዙ አይርቅምና።

«እስከ መቼ ልጹም፣ ጌታዬ?» አለች።

«ብዙዎቹን ዓመት ሲሞላቸው ይተዋቸዋል» አላት።

የወተት ዕቃዋን አንሥታ ወደ ገበያ ሄደች።