ለአጋዘን የሚሆነው ጥይት የቱ ነው?

አራዳ ገበያ ድሮ እዚሁ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣልያን በወረራው ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) ገበያተኛውን ወደ መርካቶ እስኪያዛውረው ድረስ፣ ሸማ፣ በርበሬ ወይም በቅሎ የፈለገ አዲስ አበቤ ሁሉ ወደዚህ ይመጣ ነበር። ታዲያ በዚያ ዘመን የአገራችን ገበያ አንድ ችግር ነበረበት፤ ዝርዝር የለም። ማርያ ቴሬዛ ብር ትልቅ ገንዘብ ነው። ትንሽ ነገር የገዛ ሰው መልሱን በአሞሌ ጨው ይቀበላል፤ አለዚያም በጥይት። አዎ፣ በጥይት! የውጅግራ ጥይት እንደ ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር።

አሁን ደግሞ እስቲ አሥር ሳንቲም ፈልጉ (ማግኘቱ ራሱ አደን ነው)። በ1969 ዓ.ም. የተቀረጸው በአንድ በኩል አንበሳ፣ በሌላው በኩል ቀንዱ ጠምዘዝ ያለ አጋዘን አለበት። ይህ ፈረንጆቹ የተራራ ኒያላ የሚሉት የኛ የደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም፤ በኢትዮጵያም ቢሆን የሚኖረው ከስምጥ ሸለቆው በስተምሥራቅ ባሉት በአርሲ፣ በባሌና በአካባቢያቸው ተራሮች ብቻ ነው። እንግዲህ ድሮ ጥይቱ ሳንቲም ነበር፣ ኋላ ደግሞ የሚታደነው ሳንቲሙ ላይ ወጣ። የዛሬው ወጋችን ስለ ሁለቱ ነው።

እኛ ጊዮርጊስ አካባቢ ማኪያቶ ይዘን የምንከራከር ሰዎች ነን። በ2016 ዓ.ም. ብዙው የፒያሳ ሰፈር ከፈረሰ ወዲህ የምንቀመጥበት ቤት ቢያንስም ክርክራችን አልቀነሰም። በቀደም ዕለት ከመካከላችን አንዱ፣ የአርሲ ልጅ ነው፣ «ለደጋ አጋዘን የሚሆነው ጥይት የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ «ክላሽ ምን አነሰው?» አለ። ሌላው «ምንሽር ነዋ!» አለ። ሦስተኛው ስለ አያቱ ቤልጅግ ጀመረና ማን ያስቁመው! ልብ በሉ፤ የተጠየቀው ስለ ጥይት ነው፣ የተመለሰው ስለ ጠመንጃ።

ነገሩ የኛ ጠረጴዛ ብቻ አይደለም። አማርኛችን ለጠመንጃ ስም አይቸግረውም፤ ሰናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ቤልጅግ፣ አምስት ጎራሽ... ፉከራውም ሽለላውም የሚያወድሰው ተኳሹንና የያዘውን መሣሪያ ነው። ጥይቱ ዝናር ላይ ተደርድሮ ያምራል፤ ከዚያ ወዲያ ማን ጠይቆት ያውቃል? አጋዘኑ ዘንድ የሚደርሰው ግን ተኳሹም ጠመንጃውም አይደለም። የሚደርሰው ከቀለሁ ጫፍ ላይ ተሰክቶ የነበረው ጥቂት ግራም አረር ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ከእንስሳው መጀመር ይሻላል እንላለን። ምን ያህል ይከብዳል? ከምን ያህል ርቀት ይተኮሳል? ሳይሠቃይ ቶሎ እንዲሞት ምን ያስፈልጋል?

ወንዱ የደጋ አጋዘን ከ180 እስከ 300 ኪሎ ይመዝናል፤ የእርሻ በሬ ያህል ማለት ነው። ልቡና ሳንባው ያሉት ከቆዳ፣ ከጡንቻና ከጎድን አጥንት በስተጀርባ ነው። አረሩ እዚያ ለመድረስ፣ ደርሶም ሥራውን ለመሥራት ጉልበት ይፈልጋል። ስሌቱ ትምህርት ቤት የተማርነው ፊዚክስ ነው፤ የክብደቱ ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ሲባዛ።

የክላሽ ጥይት (7.62 በ39 የሚባለው) አረሩ 8 ግራም ያህል ነው፤ ከአፈሙዝ ሲወጣ በሴኮንድ 715 ሜትር ይበራል። ጉልበቱ 2000 ጁል ገደማ ይሆናል። አሁን ጉድ ስሙ! ገበያ ላይ ሳንቲም የነበረው የውጅግራ ጥይት አረሩ 25 ግራም፣ ፍጥነቱ 450 ሜትር ያህል፣ ጉልበቱ 2500 ጁል ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው የፈረንሳይ ጠመንጃ አፈሙዝ ላይ ክላሽን ይበልጠዋል ማለት ነው። እርግጥ ውጅግራ ጭሱ ብዙ ነው፤ አረሩም ዘገምተኛ በመሆኑ ርቀት ሲጨምር ቶሎ ወደ መሬት ይወርዳል። ክላሽ ሰው ለሰው ለሚተኳኮስበት ቅርብ ርቀት የተሠራ ነው፤ አጋዘን በሐሳቡም አልነበረም።

ሙስ የሚባለውን ግዙፍ የሰሜን አጋዘን የሚያድኑት ስዊድኖች ነገሩን ለፉከራ አልተዉትም፤ ቁጥር አስቀምጠውለታል። ለትልልቅ እንስሳት የሚተኮሰው አረር 9 ግራም ከሆነ 100 ሜትር ላይ ሲደርስ ቢያንስ 2700 ጁል፣ 10 ግራምና ከዚያ በላይ ከሆነ ቢያንስ 2000 ጁል መያዝ አለበት። ክላሽ በክብደቱም በጉልበቱም ወደቀ። «ምን አነሰው?» ላለው ወዳጃችን መልሱ ይኸው።

ጉልበት ብቻውን ግን አይበቃም። የወታደር ጥይት አረሩ ዙሪያውን በብረት የተለበጠ ስለሆነ አይሰፋም፤ ብዙ ጊዜ በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ በጠባብ ቀዳዳ ይወጣል። ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚሰፋ አረር በጦርነት ላይ እንዳይውል እ.ኤ.አ. በ1899 በሄግ ተከልክሏል፤ ያለ አግባብ ያሠቃያል ተብሎ። በአደን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስዊድን ውስጥ ለሙስ የተከለከለው የማይሰፋው ነው፤ ምክንያቱም ያው ሥቃይ ነው። ጠባብ ቁስል ይዞ የሚሮጥ እንስሳ ሰዓታትን፣ አንዳንዴም ቀናትን ወስዶ ይሞታል። የቆሰለ ወታደር ሐኪም ሊደርስለት ይችላል። አጋዘን ሐኪም የለውም።

ከዚያ ደግሞ ቦታው አለ። የደጋ አጋዘን የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ አረሩን እንደ ቆላው አይዘውም፤ ፍጥነቱን ይዞ ይቆያል፣ የሚወርደውም ያነሰ ነው። ቆላ ላይ መነጽሩን ያስተካከለ አዳኝ ተራራው ላይ ወጥቶ እንደገና ሳይሞክር ቢተኩስ ከልብ በላይ ሊመታ ይችላል። ሸለቆ ተሻግሮ ከ200 እና ከ300 ሜትር መተኮስም አለ። ለዚህ ነው የውጭ አዳኞች 300 ዊንቸስተር ማግነም የሚባለውን የሚወዱት፤ 11.7 ግራም አረር፣ በሴኮንድ 900 ሜትር፣ 4700 ጁል ገደማ። እኛን የሚጠይቀን ካለ ግን 30-06 የተባለው የአሜሪካኖች ጥይት፣ በዚያው ክብደት የሚሰፋ አረር ተደርጎለት፣ ከ250 ሜትር ወዲህ ይበቃል እንላለን፤ 3900 ጁል ገደማ አለው። ትልቁ ጥይት ትከሻን ይመታል። የተመታ ትከሻ በሚቀጥለው ጊዜ ገና ቃታው ሳይሳብ ይሸማቀቃል፤ የተሸማቀቀ ተኳሽ ደግሞ ሳንባ ያለመውን ሆድ ይመታል።

«ግን እኮ በትንሽ ጥይት ዝሆን የገደሉ አሉ!» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው። ካራሞጆ የሚል ቅጽል የነበረው ስኮትላንዳዊው ደብልዩ ዲ ኤም ቤል በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በምሥራቅ አፍሪካና በኛም ደቡብ ምዕራብ በማጂ በኩል ተዘዋውሮ ከ1000 በላይ ዝሆን ገድሏል፤ አብዛኛውን በ7 በ57 ሞዘር፣ በ11 ግራም አረር። ግን ሰውዬው የዝሆን ጭንቅላት በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቆ አንጎሉ የት እንዳለ አጥንቷል። ጥይቱን ያሳነሰው እንስሳውን ስላወቀ ነው። ሳያውቁ ማሳነስ ሌላ ነገር ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት ለምን አስፈለገ? የደጋ አጋዘን በመጥፋት አደጋ ላይ ያለ እንስሳ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በባሌ ፓርክ ብዙ አጋዘን በጥይት አልቋል፤ መንጋው እስኪያገግም ዓመታት ፈጅቷል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከፓርኩ ውጭ እንደ ሙነሳና ኦዶ ቡሉ ባሉ የአደን ቀበሌዎች በፈቃድ፣ በተወሰነ ቁጥር፣ ያረጀ ወንድ ብቻ እየተመረጠ ሲታደን ኖሯል፤ አዳኙም አብዛኛውን ጊዜ ብዙ ሺህ ዶላር የሚከፍል የውጭ ሰው ነው። እዚህ ላይ ጠረጴዛችን ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ገንዘብ ስላለው ይግደል?» ይላል። ግማሹ «ገንዘቡ ለጫካው ጠባቂና ለአካባቢው ሕዝብ ከደረሰ ጫካውን ከመታረስ ያድነዋል» ይላል። አልተስማማንም፤ የምንስማማም አይመስለንም።

በአንድ ነገር ግን ሁለቱም ወገን አንድ ሆነ። ቁጥሩ ባነሰ እንስሳ ላይ የሚባክን ጥይት የለም። ቆስሎ ጫካ የገባ አጋዘን በፈቃዱ ወረቀት ላይ ቢቆጠርም ባይቆጠርም ከመንጋው ጎድሏል። ሥጋውን የበላ የለም፣ ለገበሬው የደረሰ ገንዘብ የለም፣ የቀረው ሥቃዩ ብቻ ነው። አደንን የሚደግፍ ሰው ደካማ ጥይትን የመደገፍ መብት የለውም። አደንን የሚቃወምም ቢሆን፣ እስካልቀረ ድረስ በምን እንደሚታደን የመጠየቅ ግዴታ አለበት።

አደባባዩ ላይ በፈረስ ተቀምጠው የምናያቸው አጤ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1909 የአደን ደንብ አውጥተዋል። ያን ሁሉ ጠመንጃ ወደ አገር ያስገቡ ንጉሥ፣ አውሬው ላይ ያለ ልክ እንዳይተኮስ ልክ አበጁለት። እኛ ከዚያ የምንጨምረው ትንሽ ነው። ከእንግዲህ ማንም ስለ ጠመንጃው ሲፎክርብን ዝም ብለን «ጥይቱስ? ስንት ግራም ነው? ይሰፋል? ከስንት ሜትር?» እንለዋለን። መልስ ካለው አዳኝ ነው። ከሌለው ግን ጠመንጃውን ይስቀልና ቡናውን ይጠጣ።

ቸር እንሰንብት።