ሕፃኑ በአርባው ቀን የት ነበር?

የሐምሌ ገብርኤል ሰሞን፣ ሐዋሳ ፒያሳ በሚገኘው ቤታችን፣ ከእራት በኋላ ከልጆቹ ጋር አንድ ፊልም ለማየት ተቀምጠን ነበር። ፊልሙ ያሬድ ዘለቀ ያዘጋጀው «ላምብ» የተባለው ነው፤ ትርጓሜውም ጠቦት ማለት ነው። በ2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን ከተማ ለሚደረገው የፊልም በዓል በይፋ ሲመረጥ፣ ከአገራችን ይህን ዕድል ያገኘ የመጀመሪያው ሆነ። እኛ ግን የተቀመጥነው ስለ ዝናው ሳይሆን ለቤተ ሰብ ይስማማል ስለ ተባልን ነው።

ኤፍሬም የሚባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ እናቱን ያጣል። አባቱም ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ፣ በሩቅ ተራራማ አገር ለሚኖሩ ዘመዶች አደራ ይሰጠዋል። ለልጁ የቀረለት ወዳጅ ቹኒ የሚባለው በግ ብቻ ነው፤ አጎቱ ግን ለመጪው በዓል ይታረድ ይላል። ልጁ በጉን ለማዳንና ወደ አገሩ ለመመለስ ሳምቡሳ እየሠራ በገበያ ይሸጣል። ወንድ ልጅ ማጀት ገባ ብሎ አጎቱ ሲቈጣ፣ ከመካከላችን የሳቁ ነበሩ፤ እኛም ሳቅን።

የበጉ መታረድ በተነገረ ጊዜ፣ ከእኛ ጋር የሚያድገው የሟች እኅታችን ልጅ ቃል ሳይናገር ተነሥቶ ጓዳ ገባ። ለእንግዶች የገዛነው በግ በጓሮ ታስሮ ነበርና፣ ስለ እርሱ ያዘነ መሰለን። ተከትለነው ብንገባ፣ «ጋሼ፣ እማዬ የተቀበረች ዕለት እኔ የት ነበርሁ?» ሲል ጠየቀን።

የት እንደ ነበረ እናውቃለን። እንዳይደነግጥ ብለን ጎረቤት ልከነው ነበር። እናትህ ሩቅ አገር ሄዳለች አልነው፤ ሲያለቅስም «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አልነው።

ቤተ ክርስቲያናችን ኅዘንተኛን ያለ ሥርዓት አልተወችውም፤ ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ ሁሉ ጸሎት አላቸው። እኛ ትልልቆቹ በዚያ ሁሉ ደጋግመን አልቅሰን ቀለለን። ዕድርተኛው አጽናናን፣ ካህናቱ ፈቱልን፤ ከሁሉ ይልቅ የተጎዳው ግን በጎረቤት ግቢ ኳስ ይጫወት ነበር። ወንድ ልጅ በተወለደ በአርባ ቀኑ ለጥምቀት ስናቀርበው፣ «ገና አያስተውልም» ብለን አናስቀረውም። በእናቱ አርባ ግን አያስተውልም ብለን አስቀረነው! በእውነቱ ያላስተዋልን እኛ ነበርን፤ ወይም ለቅሶውን ማየት ፈርተን ይሆናል።

ያን ሌሊት የሆነውን ሁሉ ነገርነው፤ መቃብሯ የት እንደ ሆነ፣ ማን እንደ ተሸከማት፣ ምን ዓይነት ነጠላ እንደ ለበሰች ጠየቀን፤ መለስንለት። አለቀሰ፤ አልከለከልነውም። ሙት ዓመቷ ሲደርስ ጧፍ ይዞ ከእኛ ጋር እንዲቆም ከንስሐ አባታችን ጋር ተነጋግረናል።

በማግሥቱ በጓሮ ስላለው በግ ራሱን ጠየቅነው። ጥቂት አሰበና፣ «እኔ ስም አላወጣሁለትም፤ ይታረድ» አለን። የፊልሙን ፍጻሜ ግን ገና አላየነውም።