የአባይ በረሃ በመስታወት ሣጥን

ካርቱም፣ አል-ሳሃፋ ውስጥ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት ልጅ ሁለት እንሽላሊቶች ነበሩት። ውኃ ማንጠባጠብ የጀመረ የዓሣ ሣጥን ውስጥ አሸዋ አፍስሶ አስቀምጧቸዋል። ነሐሴ 2014 ዓ.ም.፣ አንድ ዓርብ፣ "ኡስታ፣ ከኋላቸው ተራራ ሥራልኝ" አለኝ። የምተዳደረው በልስን ሥራ ነውና እምቢ ለማለት አፈርኩ።

እኔ ተራራ ሲባል የሚታየኝ አንድ ነው። የደጀን ልጅ አባይ በረሃን ዓይኑን ጨፍኖ ይስለዋል፦ ከላይ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ከሥሩ ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ወደ ወንዙ ሲወርዱ ቀዩ የአሸዋ ድንጋይ። ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ካርቶን የሚወጣውን ነጭ ፎም ለቅመን ደራረብነው፤ ወርዱ 80፣ ቁመቱ 40 ሳንቲ ሜትር። በቢላ ፈልፍዬ መደብና ዋሻ አወጣሁለት። መደቡ ለጌጥ አይደለም። እንሽላሊት ገላውን የሚያሞቀው በፀሐይ ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ ፀሐይን በሚተካው አምፖል ሥር የሚዘረጋበትም፣ ሲግል የሚሸሸግበትም ያስፈልገዋል።

ልጁ አላስችል ብሎት ከሰጃና ገበያ ስፕሬይ ቀለም ገዝቶ ነፋበት። ፎሙ ጤዛ የነካው ጨው ይመስል ሟሸሸ። ጎሐ ጽዮን በኩል ያለው ገደል ዓይናችን እያየ ጠፋ። የስፕሬይ አሟሚ ፎም እንደሚበላ ባለሙያ ነኝ ባዩ እኔም አላውቅም ነበር።

ሁለተኛውን በራሴ መንገድ ሠራሁት። ሲሚንቶና ኮላ እንደ አጥሚት አቅጥኜ በብሩሽ ቀባሁ፤ ቀጭኑ ስንጥቁ ድረስ ይገባል። ከዚያ አሸዋ ጨምሬ ወፈር ያለውን ደገምኩበት። የካርቱም ሙቀት ግን ሲሚንቶ ሳይጠነክር ያደርቀዋል። ጆንያ አርሼ አለበስኩት፣ ጠዋት ማታ ውኃ እያርከፈከፍኩ ሳምንት አቆየሁት። ቀጥሎ ደግሞ ውኃ እየቀያየርን ዘፈዘፍነው። አዲስ ሲሚንቶ ቆዳ ይበላል፤ መዳፌ ምስክር ነው።

ያስቸገረኝ ቀለሙ ነው። የገበያው ቀይ ዱቄት ገደሉን የሆቴል በር አስመሰለብኝ። ጀሪፍ ሄድኩ፤ እዚያ የአባይን ደለል እየረገጡ ጡብ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ወንዙ ሞልቶ ደፍርሷል። አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝና ነገርኳቸው። ፌስታሌን ራሳቸው ሞሉልኝ። "የአገርህ አፈር ነው፤ በራስህ ንብረት ምን አስከፍልሃለሁ?" አሉና ሳቁ። ቀልድ ብቻ አልነበረም፤ ጥቁር አባይ ክረምት ክረምት ይዞት የሚወርደው አፈር ከኢትዮጵያ ደጋ የታጠበ ነው።

ደለሉን በነጠላ ቁራጭ ነፍቼ፣ ከኮላ ጋር በጥብጬ ቀባሁት። ሳይደርቅ በእርጥብ ስፖንጅ ስጠርገው ከጉብታው ላይ ለቀቀ፣ ስንጥቁ ውስጥ ቀረ። ያኔ ድንጋይ ሆነ! የጠረግኩት እጄ ቆሞ ቀረ፤ ልጁም ዝም አለ። በሲሊኮን ከመስታወቱ ጋር አጣበቅነው፤ እንሽላሊት ከጀርባው ገብቶ እንዳይሞት ጠርዙን ሁሉ ደፈንን። የሲሊኮኑ የኮምጣጤ ሽታ እስኪጠፋ ጠብቀን አስገባናቸው። ሦስት ቀን ከዋሻው አልወጡም። በአራተኛው ትልቁ እንሽላሊት ነጩ የኖራ ድንጋይ ላይ ሆዱን ለጥፎ ተኝቶ አገኘነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ቀዳም ስዑር ነበር። እኛ ለፋሲካ ሽንኩርት ስንከትፍ፣ ጎረቤቶቻችን ረመዳን ጾመው፣ በስፖርት ከተማው በኩል ተኩስ ተከፈተ። መብራቱ ጠፋ፣ ውኃውም ተከተለ። ልጁ ክዳኑን አንሥቶ እንሽላሊቶቹን ግቢው ግድግዳ ላይ ለቀቃቸው፤ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩን ወደ ላይ ሮጡ።

እኔ በገዳሪፍ አድርጌ በመተማ አገሬ ገባሁ፤ በእጄ የያዝኩት አንድ ቦርሳና የልስን ካዞላዬን ነው። ሣጥኑን ከነገደሉ ሁለት ሰው አያነሣውም፤ እዚያው አል-ሳሃፋ ቀረ።