ካርድ 2 ማን ነው?

መቼስ ጋዜጠኝነት ተምረው መቅረጸ ድምፅ የሌላቸው ሰዎች ካሉ እኛ ነን። ሁለት ሴቶች፣ ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ አንድ ማይክ። ይኸው ነው ንብረታችን። በዚህ ንብረት ሶዶ ውስጥ አንዲት እማማ ቤት ገብተን፣ ቡናቸውን እያፈሉ አርባ ደቂቃ ሙሉ ያወሩንን ቀዳን።

ቀዳን ብለን ነበር። ቤት ገብተን ስንከፍተው የሚሰማው የላፕቶፑ ማራገቢያ ነው። የእማማ ድምፅ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ከሩቅ ይሰማል። ማይኩ ከፊታቸው ተቀምጦ ሳለ፣ የሚቀዳው ለካ ላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ያለው ማይክ ኖሯል!

ጥፋቱ የኛው ነው፤ የስም ጥፋት። ሊኑክስ ድምፅ የሚያስገባና የሚያስወጣውን ሁሉ "ካርድ" ይለዋል፤ ካርዶቹንም በመጡበት ተራ ከ0 ጀምሮ ይቆጥራል። ማይካችን ሁልጊዜ 2 ስለነበር "ከካርድ 2 ቅዳ" ብለን ትእዛዙን ጽፈን አስቀመጥን። ያን ቀን ግን ማይኩን ቀድመን ሰክተን ነው ላፕቶፑን የከፈትነው፤ ተራው ተገለባበጠ። ለካ እያንዳንዱ ካርድ ከቁጥሩ ሌላ አጭር መጠሪያ አለው። በእሱ ብንጠራው ኖሮ ተራው ቢለወጥም ማይኩ "አቤት" ይል ነበር።

ከተቃጠልን አይቀር ብለን የስሞቹን ነገር ቆፈርነው። በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የድምፅ ድራይቨሮች ስም በልማድ የሚጀምረው በ"ኤስኤንዲ" ነው፤ "ሳውንድ" ለማለት። ቀጥሎ የቺፑ ወይም የመንገዱ ስም ይመጣል። "ኤስኤንዲ-ዩኤስቢ-ኦዲዮ" ሲባል በዩኤስቢ የሚመጣውን የሚያስተናግደው ነው። የላፕቶፑ ደግሞ "ኤስኤንዲ-ኤችዲኤ-ኢንቴል" ይባላል። የኛ ላፕቶፕ እኮ የኤኤምዲ ነው! ነገሩ እንዲህ ነው፦ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2004 የድምፅ አሠራር ደንብ አወጣ፣ ሌሎቹም ኩባንያዎች ተከተሉት፣ ድራይቨሩ ግን በመጀመሪያው ሰው ስም ቀረ። ካርዳችን ራሱ የተሰጠው መጠሪያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "ጀነሪክ"። ማንም ይሁን ማን፣ እንደማለት።

ታዲያ ለምን አይለውጡትም? ብዙ ሰው በየኮምፒውተሩ ያንን ስም ጠርቶ ማስተካከያ ጽፏል። ስሙ ቢለወጥ የዚያ ሁሉ ሰው ድምፅ ሊጠፋ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስም የሚታወቀው በዚሁ ሕግ ነው፤ ከርነሉ ሲለወጥ ተጠቃሚው ሲሠራበት የኖረው ነገር አይሰበርም።

እማማ ሲያወሩን የነበረውም፣ ይገርማችኋል፣ የስም ነገር ነው። የወጋጎዳን ነገር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ወላይታ በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ሳለ፣ ወላይታን፣ ጋሞን፣ ጎፋንና ዳውሮን በአንድ የመማሪያ ቋንቋ ለማስተማር መጻሕፍት ታተሙ። ስሙ ከየአንዳንዱ አንድ አንድ ፊደል ተለቅሞ ተገጣጠመ፦ ወ፣ ጋ፣ ጎ፣ ዳ። ቋንቋዎቹ ይቀራረባሉ፣ ወጪም ይቀንሳል ተባለ። መቀራረባቸውስ እውነት ነው። ግን በወላይታ ቋንቋ ማለት "ዶና" ነው፤ ዶና ደግሞ አፍ ማለት ነው። የሰው አፍ ደግሞ ተገጣጥሞ አይታተምም። ሶዶ ላይ ተማሪው፣ መምህሩ፣ ነዋሪው ተቃወመ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። መጻሕፍቱ ተሰበሰቡ፤ በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

እኛ ያን ጊዜ ሕፃናት ነበርን። ለዚህ ነው የጠየቅናቸው። እና አሁን ስናስበው፣ ለአንድ ድራይቨር ስም "ሰው ለምዶታል፣ አትንኩት" የሚባልበት ዓለም አለ። ለአፋችን ይህን ያህል የተጠነቀቀ አልነበረም።

በሳምንቱ ተመልሰን ሄድን፤ ማይኩን በቁጥሩ ሳይሆን በመጠሪያው ጠርተን። እማማ አልተቆጡም። "ማሽናችሁ ደንቆሮ ነው እንዴ?" ብለው ሳቁና ቡናውን እንደገና አቀረቡ። ድምፃቸው እንደ መስታወት ጠርቶ ተቀዳ።

ወጉ ግን አጠረ። መጀመሪያ ቀን የዚያን ጊዜ የሞተ የጎረቤት ልጅ በስሙ ጠርተውልን ነበር። በሁለተኛው "አንድ ልጅ" ብለው አለፉት። ስሙን ድገሙልን ለማለት አፋችን አልታዘዘልንም። እኛም በጽሑፍ አልያዝነውም፤ እየተቀዳ ነው ብለን።

ስለዚህ ያንን የተበላሸ ቅጂ አላጠፋነውም። ማታ ማታ የጆሮ ማዳመጫ አድርገን፣ ከማራገቢያው ጉርምርምታ ሥር እንፈልገዋለን። የመጀመሪያው ፊደል "መ" ይመስለናል።