ዜሮ የሆነው ብክነት

የማስተርስ ጥናቴን የጀመርሁት በአንድ ጥያቄ ነው፦ ብርሃን በፋይበር ውስጥ ሲጓዝ በራሱ ላይ የሚያደርሰውን መዛባት በራሱ በብርሃን ማረም ይቻላልን?

መዛባቱ የሚመነጨው ከኬር ክስተት ነው፤ ብርሃኑ በበረታ ቁጥር የመስታወቱ ብርሃን የመስበር መጠን በጥቂቱ ይለወጣል። 10 ሚሊዋት ከቁብ የማይቆጠር ኃይል ይመስላል። ዳሩ ግን 80 ካሬ ማይክሮሜትር ገደማ በሆነ ስፋት ሲታመቅ በካሬ ሴንቲሜትር ከ12 ኪሎዋት ይበልጣል፤ ይህም በረጅም መስመር ላይ ተደማምሮ የሞገዱን ፌዝ ያዛባል። (ቃሉ በአማርኛ ሌላ ትርጉም እንዳለው አልዘነጋሁም፤ ጥናቱ በሁለቱም አስተናግዶኛል።)

ያሪቭ፣ ፌኬቴ እና ፔፐር እ.ኤ.አ. በ1979 በጉዞ ላይ የሚሰፉትን የብርሃን ምቶች መልሶ ለመሰብሰብ የሞገዱን ፌዝ መገልበጥን ሐሳብ አቀረቡ። ገልባጩ በመንገዱ እኩሌታ ላይ ሲቀመጥ የመጀመሪያው አጋማሽ ያበላሸውን ሁለተኛው ይፈታዋል። ሐሳቡ ኋላ ለኬር መዛባትም ዋለ። ግልበጣውን የሚፈጽመው የአራት ሞገድ ቅልቅል የዚያው የኬር ክስተት ውጤት መሆኑ ነበር ወደዚህ ርእስ የሳበኝ።

ቤተ ሙከራ ስላልነበረኝ ፋይበሩን በትናንሽ እርምጃዎች ከፋፍሎ የሚያሰላ ፕሮግራም ጻፍሁ። ውጤቱ እንከን የለሽ ሆነ፤ የተዛባው ምልክት እንደተላከ ሆኖ ተመለሰ። አማካሪዬ ግራፉን ጥቂት ተመልክተው፣ «ብክነቱን ስንት አደረግኸው?» አሉኝ።

ዜሮ ነበር። ፕሮግራሙን ስፈትሽ ለጊዜው ብዬ ዜሮ አድርጌው በዚያው ረስቼዋለሁ። እውነተኛ ፋይበር በኪሎሜትር 0.2 ዴሲቤል ገደማ ያባክናል፤ በ80 ኪሎሜትር ኃይሉ ወደ አንድ አርባኛ ይወርዳል። ስለዚህ መዛባቱ በአብዛኛው የሚፈጸመው ከእያንዳንዱ ማጉያ በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ 20 ኪሎሜትሮች አካባቢ ነው። ገልባጩ ሥራውን በሚገባ እንዲሠራ ደግሞ የሁለቱ አጋማሾች ኃይል እንደ መስታወት ምስል ትይዩ መሆን አለበት። ማጉያዎቹ ግን ከገልባጩ በፊትም በኋላም ብርሃኑን አበርትተው ይለቁታል፤ እየተጓዘ ይደክማል።

ቁጥሩን ሳስተካክል ትርፉ አብዛኛው ጠፋ። የሁለት ወር ሥራ ነበር፤ ለጉባኤ ያዘጋጀሁትን አጭር ጽሑፍም ሳልልክ ተውሁት። አሁን በራማን ማጉያ ፋይበሩን ከሁለቱም ጫፍ እየመገብሁ ትይዩነቱ ምን ያህል እንደሚመለስ እያሰላሁ ነው። ይሻሻላል፤ ሆኖም የሚጠይቀው የሌዘር ኃይል ቀላል አይደለም። የመጀመሪያውን ግራፍ አልጣልሁትም። «ብክነት = 0» ብዬ ከሥሩ ጽፌ በአባሪው ውስጥ አስገብቼዋለሁ።